የወይንሸት ቁርስ

ጠዋት ጠዋት በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የማይሸት የቁርስ ዓይነት የለም። አንደኛ ፎቅ እንቁላል ይጠበሳል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት እናት ኢንዶሚ ትቀቅላለች፣ ከእኛ በላይ ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ ልጃቸውን ዳቦ በማርማላታ ለማብላት በየቀኑ ሽምግልና ይቀመጣሉ፤ ልጁ አንዴ ለመጉረስ ስልክ እንዲከፈትለት ይጠይቃል፣ ይከፈትለታል፣ ከዚያም ዳቦውን ጉንጩ ውስጥ አስቀምጦ ስልኩን ያያል። ይህን ሁሉ እየሰማሁና እያሸተትኩ ወደ ሥራ ስወርድ ብቻዬን እስቃለሁ። አንዳንድ ቀን ግን፣ እንደ ዛሬው፣ ከአንዱ በር ሥር የሽሮ ፍርፍር ሽታ ይወጣል፤ ያደረ ሽሮ፣ ቀይ ሽንኩርት የበዛበት፣ ሊወርድ ሲል ትንሽ ቅቤ ጠብ የተደረገበት። ያን ጊዜ ሳቄን እውጣለሁ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ምግብ ሲሸተው ምራቁ ይሞላል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ደረጃው ላይ አንገቴን ደፍቼ ፊቴ በሃፍረት ይግላል።

ያደግኩት ከዚህ ብዙም በማይርቀው ጌጃ ሰፈር ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤታችን አብዛኛውን ጊዜ የእማዬና የእኔ ብቻ ነበር፤ አንድ ክፍል ከነጓዳው፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ፣ የቆርቆሮ በሩ ሲከፈት ግቢውን ሁሉ የሚቀሰቅስ። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ቁርስ ስታበላ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እማዬ እኔ ከመኝታዬ ሳልነሳ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ ያደረውን ሽሮ ትጨምርበታለች፣ እንጀራውን በእጇ እየቆራረሰች ታገላብጣለች፤ ከዚያ እኔን ቀስቅሳ፣ ፊቴን አጥባ፣ ፀጉሬን እየጎተተች አበጥራኝ እንባዬ ሳይደርቅ ትንሿን ሰሃን ፊቴ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእሷ ናት። ጣቶቿን ሰብስባ፣ ቅቤው ያለበትን መርጣ፣ ከአፌ የሚበልጠውን ጉርሻ እንደምንም ታስገባልኛለች፣ እኔም ጉንጬ ተወጥሮ በሻይ አወርደዋለሁ። ልጅ ብሆንም ጉርሻ ምግብ ብቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። በዚያች ቤት ውስጥ ማን እንደሆንኩ በየጠዋቱ የሚነገረኝ በዚያች ጉርሻ ነበር።

ወይንሸት የክፍሌም የግቢያችንም ልጅ ነበረች። እናቷ እትዬ ወርቄ ጉልት ላይ ጎመንና ቃሪያ የሚቸረችሩ፣ ባል የሌላቸው፣ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው የመጡ ብርቱ ሴት ነበሩ። ገና ሳይነጋ አትክልት ተራ ወርደው፣ ሸክማቸውን ይዘው በቀጥታ ጉልታቸው ላይ ስለሚቀመጡ፣ ልጃቸውን ቀስቅሶ ቁርስ የሚያቀርብላት ሰው አልነበረም። ወይንሸት ብቻዋን ተነስታ፣ ብቻዋን ተጣጥባ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ በራቸውን ቆልፋና ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እኛ ቤት ትመጣለች፤ ትምህርት ቤት የምንሄደው አብረን ነበር። ሁለታችንም የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። እሷ ግን ቁልፍ ስለያዘች ከእኔ በጣም ትልቅ ትመስለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚማረው አንድ ሕግ ነበር። ሰው ቤት ስትገቢ ገበታ ቀርቦ ካገኘሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፤ የሚበላ ሰው አፍ አፉ አይታይም። «እንብላ» ሲሉሽ፣ አንጀትሽ ከጀርባሽ ቢጣበቅም፣ «በልቻለሁ፣ ብሉ» ትያለሽ። ሁለተኛ ሲሉሽም «ጠግቤያለሁ» ነው መልሱ። የቤቱ እመቤት ሦስተኛ ላይ ከተነሳች፣ እጅሽን ይዛ «በሞቴ!» ካለች፣ ያን ጊዜ ብቻ እያፈርሽ፣ ተገደሽ እንደመጣሽ ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። የመጀመሪያው «በልቻለሁ» ጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው የእናትሽ አስተዳደግ ነው፣ እውነቱ የሚወጣው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ቤት አልነበረም። ስለዚህ አንድ የተራበ ልጅ በልቶ መውጣት አለመውጣቱ በልጁ እጅ አልነበረም፤ የሚወሰነው የቤቱ እመቤት ሦስተኛውን ግብዣ ለማለት በመነሳቷ ወይም ባለመነሳቷ ነበር።

እማዬ ደግሞ በመነሳት የሚስተካከላት አልነበረም። «በሞቴ ወይንዬ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» ትላታለች፤ ከዚያ «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ታስከትላለች፣ ሁለተኛው ካለፈ በኋላ ማን ይቆጥራል፣ ወይንሸት ከሰሃኑ አጠገብ በርጩማዋን ስባ ትቀመጣለች። ስትበላ ደግሞ ደስ ትላለች። ሳትቸኩል፣ ከፊቷ ብቻ፣ አንዲት ፍርፋሪ መሬት ሳትጥል ትበላና ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጇን ለመታጠብ ትነሳለች። እማዬ ይህን እያየች ዞር ትልና ለእኔ፣ «አየሽ እሷን? አንቺ እኮ እንደ ዶሮ ትጭሪዋለሽ እንጂ አትበዪም» ትለኛለች። እናቶች ይህን ሲናገሩ ለልጃቸው ጥሩ ያሰቡ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ያንን በየጠዋቱ እየሰማሁ፣ ሰሃኑ ላይ ካለው ፍርፍር ይልቅ የእናቴ ዓይን ለሁለት እየተቆረሰብኝ መሆኑን አያለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ማበጠሪያው አሞኝ አኩርፌ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ወይንሸት ገባች። እማዬ እንደ ልማዷ ሦስት ጊዜ ለመነቻት፤ ከዚያም እኔን «ነይ» ብላ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ብዘገይባት፣ ጣቶቿ ላይ የያዘቻትን የመጀመሪያዋን ጉርሻ፣ የእኔዋን፣ ቅቤው ያለባትን፣ ለወይንሸት አጎረሰቻት። ሌላ ምንም አልሆነም። ለእማዬ ጉርሻ ናት፣ ሌላ ትጠቀለላለች። እኔ በዚያ ቀን አንዲት ነገር ሳልቀምስ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ማታም ትራሴን ነክሼ ተኛሁ።

በማግስቱ ፀጉሬን ስታበጥረኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ወይንሸትን ብዪ ብዪ አትበያት» አልኳት።

«ለምን?»

«እናቷ ሰው ቤት እንዳትበዪ ብለዋታል። እኛ ቤት የበላች ቀን ይገርፏታል። ትናንትናም ተገርፋለች።»

ማበጠሪያው ፀጉሬ ላይ ቆመ። እማዬ አመነችኝ፤ ለምንስ አታምነኝም? ልጁን ሰው ቤት እንዳይበላ የሚከለክል ወላጅ ሰፈሩን የሞላ ነበር፣ እሷ ራሷ እኔን ትከለክለኛለች። እትዬ ወርቄም ደግሞ ድሃ ይሁኑ እንጂ ኩሩ ነበሩ፣ ለተረፈ እንጀራ እንኳ እጃቸውን የማይዘረጉ። «አይ ወርቄ» አለች እማዬ ከንፈሯን መጥጣ፣ «እኔ ደግሞ ያበላሁ መስሎኝ ልጅቷን አስገርፋታለሁ።» ወዲያው በሩ ተንኳኳና ወይንሸት ገባች። እማዬ «እንብላ» አለቻት፣ አንድ ጊዜ። «በልቻለሁ፣ ብሉ» አለች። ሁለተኛ አልተባለችም። ለአፍታ እንደቆመች ቆየችና በርጩማዋን ወደ በሩ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ወደ አፌ መጣች፣ እኔም ጎረስኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት እስኪዘጋ፣ ከኅዳር እስከ ሰኔ፣ እንዲሁ ነበር። ወይንሸት አንድም ቀን አልቀረችም። በየጠዋቱ ትመጣለች፣ አንድ «እንብላ» ትባላለች፣ አንድ «በልቻለሁ» ትላለች፣ እኔ እስክጨርስ ድረስ የግቢውን ጭቃና የጎረቤቱን ልብስ ማስጫ ስታይ ትቆያለች። እማዬ አንዳንዴ ዓይኗ እንባ ያቀርርና «ምነው ወርቄ ባትጨክን» ብላ በሹክሹክታ ታጉረመርማለች፤ የሰው እናት ያወጣችውን ሕግ መጣስ ግን በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔ ስለ ልጅነቴ ጥሩነት ማውራት የሚወድ ሰው ስሰማ ዝም የምለው ለዚህ ነው። እናቴን በደግነቷ ነው ያታለልኳት፤ ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ውሸቴ አይሠራም ነበር።

አላወቅኩም ነበር ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ለሰልፍ ከመደወሉ በፊት ወይንሸት ወደ ቧንቧው ትሄድና በእፍኟ ውኃ እየቀዳች ለረጅም ጊዜ ትጠጣለች። ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ሌሎቹ ልጆች እየተገፋፉ ይስቃሉ፣ እሷ ግን መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው ረጋ ብላ ትጠጣና አፏን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ ትሰለፋለች። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዷ መጮህ ሲጀምር ደብተሯን ታንኮሻኩሻለች፤ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ለምን እንደምታንኮሻኩሽ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። በረፍት ሰዓት አልፎ አልፎ ቦምቦሊኖ ገዝቼ ግማሹን እሰጣታለሁ፤ በዚያን ቀን ከራሴ የበለጠ ደግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእማዬ እውነቱን ልነግራት አፌን የከፈትኩባቸው ጠዋቶችም ነበሩ። በርበሬ ታጥነኛለች ብዬ ፈራሁ እላለሁ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም፤ ጉርሻው ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆኖ ነበር፣ ጣፍጦኝ ነበር።

ትምህርት በተዘጋ ሳምንት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ወርቄ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ቤታችን መጡ። ወይንሸት ከኋላቸው ናት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከዘንቢላቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ፈቱት፤ አፋቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት የሻይ ብርጭቆዎች ነበሩ። ጎመን ቸርቻሪ ያንን ለመግዛት ከአፏ ምን እንደቀነሰች ለማንም አይጠፋውም።

«አንቺ አልማዝ» አሏት እናቴን፣ «እኔ ምን አለኝና ውለታሽን እመልሳለሁ። ጠዋት ሸክሜን ይዤ ስሄድ፣ ልጄ ሆዷ ባዶ ነው ብዬ ተሳቅቄ አላውቅም። ‹እትዬ አልማዝ በሞቴ ብለው አጉርሰውኝ ነው የምሄደው› ትለኛለች። ምን በላሽ እላታለሁ። ረቡዕና ዓርብ በዘይት፣ ሌላውን ቀን በቅቤ ነው ትለኛለች። ዓመቱን ሙሉ! እግዜር ይስጥሽ እንጂ እኔ ምን እልሻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ እኔን አየች፣ ወይንሸትን አየች፣ ብርጭቆዎቹን አየች። ወይንሸት የጫማዋን ጫፍ እያየች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታን የተቀመጠችባቸውን ጠዋቶች ሁሉ፣ የትኛው ቀን ዘይት የትኛው ቀን ቅቤ እንደነበር እያሸተተች መያዟ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «የሚያስመሰግን ነገር አልሠራንም፣ ወርቄ» አለች እማዬ። እትዬ ወርቄ ይህን እንደ ትሕትና ቆጥረው ተነስተው ሳሟት።

ከሄዱ በኋላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። በርበሬ አላጠነችኝም፣ እጇንም አላነሳችብኝም። ወይንሸት የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ መልሳ በጋዜጣ ጠቀለለች። «ብነግራት፣ ልጅሽ ዓመቱን ሙሉ ተርባ ከረመች ማለት ነው» አለች። «ባልነግራት ደግሞ ላልሰጠሁት ምግብ ምስጋና የበላሁ እኔ ነኝ። የቱን ልሁን?» ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም፣ መልስም አልጠበቀችም። መስከረም እስኪጠባ ብቻ ነበር የምትለው፤ «መስከረም ይምጣ እንጂ ያቺን ልጅ በእጄ ነው የማጎርሳት።» ክረምቱ ሳይወጣ ግን እነ ወይንሸት የተከራዩት ቤት ተሸጠና ወደ አየር ጤና ሄዱ። እማዬ ያን ሰሞን ሙሉ ጉልት ለጉልት እየዞረች ጠየቀች፣ አላገኘቻቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ብርጭቆዎቹ ሻይ ሳይቀዳባቸው ቡፌው ውስጥ አረጁ። እማዬ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት ሆነች። ቤቷ የገባ ልጅ፣ ጨው ሊበደርም ይምጣ ኳስ ሊፈልግ፣ ሳይበላ አይወጣም፤ ሦስት ጊዜ መለመን ቀርቶ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ትለምናለች፣ የበላውንም «ውሸትህን ነው» ብላ ታበላለች። የሰፈሩ ልጆች ጠግበው ከቤታቸው የወጡ ቀን በበራችን ሲያልፉ በሩጫ ነበር። ሰው ሁሉ በዚህ ይስቅ፣ ደግነቷንም ያወራ ነበር። ምን እየከፈለች እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የእኔን ዕዳ እየከፈለች መሆኑንም።

እማዬ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። በሰልስቷ፣ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ጎረቤቶች ያንኑ የልጆች ነገር እያነሱ ሲያለቅሱ፣ አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መነጽር ባደረገች ሴት እጅ ተደግፈው ገቡ። ያረጁትን ሴት ያወቅኳቸው ሲናገሩ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፃቸው ድንኳኑን ሞላው፤ «ይህቺ ሴት ልጄን ቁርስ እያበላች ያሳደገችልኝ ናት! እኔ በሸክም ስንከራተት፣ የእኔን ልጅ ከልጇ ሳትለይ ያጎረሰች ናት!» ሰዎቹ «ነፍሷን ይማር» አሉ፣ ደረታቸውን የደቁም ነበሩ። ያቺ መነጽር ያደረገችው ሴት ወይንሸት ነበረች፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናትና ነርስ።

ወጣ ስትል ተከትያት ደረጃው ሥር ደረስኩባት። ለዘመናት የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ግማሹ ብቻ ነው።

«ወይንዬ፣ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ያኔ እማዬ ብዪ ማለት የተወችው እኔ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በሩን ላንኳኳ እጄን አንስቼ ነው የሰማሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ትመጪ ነበር?»

«እናንተ ቤት ስገባ ሰው ካላየኝ፣ እንዳልበላሁ እናቴ ትሰማለቻ። ገብቼ መውጣት ነበረብኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እያለቀስኩ። ትከሻዬን ያዘችኝ፣ የሐዘንተኛ ትከሻ እንደሚያዝ። «ልጅ ነበርሽ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ለእናቴ ግን እንዳትነግሪብኝ። ድሃ ብሆንም ልጄ ሳትበላ ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም እያለች ነው እዚህ የደረሰችው። ሌላ የምትኮራበት ነገር ብዙም የላት። አደራ።»

ዛሬ በዚህ ሰፈር ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ቁርስ አብልተው ነው የሚያስተምሩት፣ ማለዳ በአጥራቸው ሳልፍ የማንኪያውን ድምፅ እሰማለሁ፣ ደስም ይለኛል። ለእኔ ግን የሚቀንስልኝ ነገር የለም። የበደለ ይክሳል ይባላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያላገኘችውን ቁርስ ግን አድጋ፣ ነርስ ሆና፣ ልጆች ወልዳ ብትበላው ያው የትልቅ ሰው ምግብ ነው፣ ወደዚያች ልጅ ሆድ አይደርስም። እማዬ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አብልታ ያንን አንድ ዓመት መሙላት አልቻለችም። እኔ ደግሞ መናገር ብቻ ይቀረኛል፣ ተናግሬ አርፋለሁ ብዬ ነበር የኖርኩት፤ እሱንም በአደራ ተከለከልኩ፣ መከልከሌም ትክክል ነው።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ እትዬ ወርቄ ጠሩኝና ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሁለት እጆቼን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የሚንቀጠቀጥ ራሳቸውን ወደ እኔ አዘንብለው መረቁኝ። «እናትሽን ነፍሷን በገነት ያኑርልኝ። አንቺንም፣ ልጄ፣ የልጅ ረሃብ አያሳይሽ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ፣ ከንፈሬ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። አልሰሙኝም። እጆቼን ሳይለቁ ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠግተው ጠበቁኝ። ደግሜ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማኝ ድረስ ጮክ ብዬ፣ «አሜን» አልኩ።